የድሮ በአየር የሚቀዘቅዝ ሱፐርባይክ ወይስ ዘመናዊ ሞተር? ለጎጃም መንገድ የሚሆነውን መምረጫ

ባለፈው ወር አንድ የደብረ ማርቆስ ወዳጄ ደወለልኝ። ውጭ አገር የሚኖር ታላቅ ወንድሙ ሞተር ሳይክል ሊገዛለት ቃል ገብቶ ሁለት ፎቶ ልኮለታል። አንዱ ባለ አራት ማርሚታ የድሮ ካዋሳኪ ነው፤ ኒኬሉ ፊት ያሳያል። ሌላው ቢላ የመሰለ አዲስ የእሽቅድምድም ሞተር ነው።

«የቱን ልበለው?» አለኝ።

«ለምን ልትነዳው ነው?»

ትንሽ ዝም አለና «ለሁሉም ነዋ!» አለ።

ለሁሉም የሚሆን ሞተር የለም። ጥር 23 ቀን እንጅባራ ወጥቶ የአገው ፈረሰኞችን በዓል ያየ ሰው ይህ ቶሎ ይገባዋል። በዚያ ያሸበረቀ ፈረስ ላይ ጤፍ አይጫንም። ለጭነቱና ለመንገዱ በቅሎ አለች። ከዚህ በታች ፈረሱንም በቅሎዋንም ለየብቻ አያለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ መስፈርቱ

የሞተር ወሬ ሁልጊዜ ከፍጥነት ይጀምራል። ለእኛ መንገድ ፍጥነት መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል። ባሕር ዳር መሀል ሦስት ባጃጅና አንድ ጋሪ ፊታችሁ ቆመው 190 የፈረስ ጉልበት ምን ያደርጋል?

እኔ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ጠጋኙን ነው። ሞተሩ ደምበጫና ፍኖተ ሰላም መሀል ቢቆም፣ በአቅራቢያው ያለ መካኒክ ከፍቶ ሊያየው ይችላል? ካልቻለ የቀረው መስፈርት ሁሉ ብዙም አይረባም። ቀጥሎ ከፍታና ሙቀት ይመጣል፤ ይህ እኛ አገር የተለየ ጉዳይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ እሄድበታለሁ። ከዚያ ፍሬን፣ በተለይ በክረምት። ከዚያ ጎማና መለዋወጫ፣ ነዳጅ፣ ወረቀት። መጨረሻ ላይ ደስታ አለ። ደስታን መስፈርት ማድረግ ለአንዳንዱ ቀልድ ይመስለዋል። ግን ደስታን ካወጣነው ሱፐርባይክ (ትልቅና ፈጣን ሞተር) የሚገዛበት ምክንያት ጭራሽ የለም።

የድሮዎቹ ትልልቆች

በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲሊንደሩን እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደሩ ቀጫጭን የብረት ክንፎች ይከቡታል። ነፋሱ በመሀላቸው ሲያልፍ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። የተረፈውን ሙቀት የሞተር ዘይቱ ይሸከማል። ራዲያተር የለም፣ የውኃ ፓምፕ የለም፣ የሚያፈስ ጎማ የለም።

ሆንዳ ሲቢ 750ን በ1968 ቶኪዮ ላይ አሳይቶ በ1969 ለገበያ አወጣው። 736 ሲሲ ነው (ሲሲ የሲሊንደሮቹ የውስጥ ይዘት መለኪያ ነው)። አራት ሲሊንደር በአንድ ረድፍ፣ 67 የፈረስ ጉልበት፣ ፊት ለፊት የዲስክ ፍሬን፣ ሲያሻ በእግር ሲያሻ በሞተሪኖ የሚነሳ። ሱፐርባይክ የሚለው ስም በሰው አፍ የገባው ከሱ ጋር ነው። ካዋሳኪ በ1972 ዜድ 1ን ይዞ መጣ፤ 903 ሲሲ፣ 82 የፈረስ ጉልበት። ሱዙኪ በ1978 ጂኤስ 1000ን አወጣ። ቢኤምደብልዩ ሁለት ሲሊንደሩን ግራና ቀኝ ዘርግቶ በአር 90 ኤስ የ1976ቱን የመጀመሪያ የአሜሪካ ሱፐርባይክ ሻምፒዮና ወሰደ። ከዚያ በ1984 ካዋሳኪ ራሱ ጂፒዜድ 900 አርን በውኃ አቀዝቅዞ አመጣ። በአየር የሚቀዘቅዙት የፍጥነቱን ዙፋን ያኔ ለቀቁ።

ታዲያ ከ40 ዓመት በኋላም ሰው ለምን ይፈልጋቸዋል? አንዱ ምክንያት ድምፁ ነው። በውኃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ሲሊንደሩን ውኃ ስለሚከበው የውስጡ ድምፅ ይታፈናል። በአየር የሚቀዘቅዘው ግን ቫልቩም ሰንሰለቱም ፒስቶኑም ይሰማል። ክንፎቹ ራሳቸው እንደ ደወል ስለሚነዝሩ ፋብሪካዎች በመሀላቸው ትንንሽ ጎማ እስከ መወተፍ ደርሰዋል። ካጠፋችሁት በኋላ ደግሞ ብረቱ ሲቀዘቅዝ ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ ይላል። ያንን ድምፅ ሻይ ይዞ የሰማ ሰው ሞተር መሸጥ ይቸግረዋል።

ሌላው ነገር ዓይን ነው። ሞተሩ ራሱ ይታያል። ፕላስቲክ አልለበሰም። ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር የት እንዳለ፣ ዘይቱ ከየት እንደሚያፈስ ቆማችሁ ታያላችሁ። ከእጃችሁ የተሰወረ ኮምፒውተር የለውም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ተረት ላፍርስ። «የድሮ ሞተር ቀላል ነው፣ ማንም ይሠራዋል» ይባላል። ባለ አንድ ሲሊንደሯ ትንሽ ሞተር፣ ያማሃ ዲቲ ላይ ልክ ነው። ዜድ 1 ላይ አይደለም። አራት ካርቡሬተር አለው። አራቱ እኩል ካልሳቡ ሞተሩ ሥራ ፈትቶ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅም ይበላል። እኩል ለማድረግ አራት የግፊት መለኪያ ሰዓት ያስፈልጋል። ያ መለኪያ ያለው ጋራዥ ጎጃም ውስጥ ስንት አለ? የእሳት ብልጭታውን ጊዜ የሚወስነው ፑንቲና በየጊዜው ይስተካከላል። የቫልቭ ክፍተቱ ይለካል። በዚያ ዘመን የሱዙኪ ጂኤሶች ላይ ባትሪ የሚሞላው ክፍል ቶሎ በመቃጠል የታወቀ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሲቢ 750ዎች ደግሞ ካቴናቸው ሲበጠስ የሞተሩን ሽፋን ይሰብር ነበር።

ከፍታው፣ ሙቀቱና ዓባይ በረሃ

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር አልፋ ተቀምጣለች። እዚያ አየሩ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲያንስ ጉልበት ያንሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ 82 የሚለው ዜድ 1 ደብረ ማርቆስ ላይ ወደ 60 ገደማ ይወርዳል። ይህ በዘመናዊውም ላይ ይደርሳል፤ 193 የሚለው ወደ 145 ይጠጋል።

ልዩነቱ ያለው ነዳጁ ላይ ነው። ካርቡሬተር የአየሩን መሳሳት አያውቅም። የለመደውን ቤንዚን ያፈሳል። ሞተሩ ይታፈናል፣ ካንዴላው ይጠቁራል፣ ማርሚታው ያጨሳል። መካኒኩ ዋናውን ዤት (ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ባለ ቀዳዳ ብሎን) በአንድ ወይም በሁለት ቁጥር በሚያንስ ይቀይረዋል። ተስተካከለ። ጥሩ።

አሁን በዚያው ሞተር ወደ አዲስ አበባ ውረዱ። ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2,400 ሜትር ግድም ተነስታችሁ የዓባይ ድልድይ ጋ 1,100 ሜትር አካባቢ ትገኛላችሁ። አየሩ ወፍሯል፣ ዤቱ ግን ለደብረ ማርቆስ የተለካ ነው። አሁን ቤንዚኑ ያንሳል። ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል። የሚግለውም በረሃው እንደ ምጣድ በጋለበት ቦታ ነው። ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል፤ ከፊታችሁ ድንጋይ የጫነ ሲኖ ትራክ በአንደኛ ማርሽ ያዘግማል። ነፋስ የለም። ነፋስ ከሌለ ደግሞ ክንፎቹ ጌጥ ናቸው።

እኔ ይህን በራሴ አይቻለሁ። ሞተሬ ያኔ አሮጌ ዲቲ ነበረች። ከመኪና ኋላ ስከተል ቆይቼ ፒስቶኑ ነከሰና የኋላ ጎማው ተቆለፈ። ፍሪሲዮን ይዤ ዳር ወጣሁ። ጥላ ፍለጋ ድንጋይ ሥር ተቀምጬ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅሁ። ሲቀዘቅዝ ረገጥኳት፤ ተነሳች። ያ ዕድል ነው። 230 ኪሎ የሚመዝን ባለ አራት ሲሊንደር ቢሆን በእግሬ ገፍቼ ጥላ ጋ እንኳ አላደርሰውም ነበር።

በውኃ የሚቀዘቅዘው ዘመናዊ ሞተር እዚህ ላይ ይበልጣል። ማራገቢያ ስላለው ቆሞም ይቀዘቅዛል። ነዳጁን የሚረጨው ኢንጀክተር የአየሩን ግፊት በሴንሰር ይለካል፤ ደብረ ማርቆስም ድልድዩም ጋ ልኩን ይሰጣል። ዤት የሚባል ጣጣ የለም።

የራሱ ጣጣ ግን አለው። ደብረ ማርቆስ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ራዲያተሩ ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ያ ትንሽ ክዳን ጎማው ካረጀ ቶሎ ይፈላል። ብዙ ሰው ሞተሩ ሲፈላ ቴስታታ (የሲሊንደሩን ራስ) ያስወርዳል፤ ክዳኑን የሚያይ የለም። አንድ የማውቀው ልጅ ደግሞ ወደ ጢስ ዓባይ ሲሄድ ከፊቱ ካለ መኪና የተፈናጠረ ጠጠር ራዲያተሩን በሳው። ውኃው አለቀ። ሞተሩ በአይሱዙ ተጭኖ ባሕር ዳር ገባ። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ጠጠር አይበሳውም።

ፍሬን

እዚህ ላይ ብዙ ክርክር አያስፈልግም። የ1970ዎቹ የዲስክ ፍሬን ደረቅ መንገድ ላይ ለዘመኑ ጥሩ ነበር። ዝናብ ሲነካው ግን መጀመሪያ ላይ ምንም አይይዝም፤ ውኃው እስኪጠረግ ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ በድንገት ይነክሳል። ሐምሌ ላይ የእንጅባራን ዝናብ የሚያውቅ ሰው ይህን ሁለቴ ያስብበት። ዘመናዊዎቹ ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ መሣሪያ) አላቸው። አውሮፓ ውስጥ ከ125 ሲሲ በላይ በሆኑ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ከ2016 ጀምሮ ግዴታ ሆኗል። እርጥብ ኮብልስቶን ላይ አህያ ድንገት ሲገባባችሁ ዋጋው ይገባችኋል። ጭቃማ መረሬ ላይ ኤቢኤስም ቢሆን ተአምር አይሠራም።

ዘመናዊው የእሽቅድምድም ሞተር

በ2009 የወጣውን የቢኤምደብልዩ ኤስ 1000 አር አርን እንደ ምሳሌ ውሰዱ። 999 ሲሲ፣ 193 የፈረስ ጉልበት፣ ቤንዚን ሞልቶ እንኳ ከዜድ 1 የቀለለ። የጎማ መንሸራተትን በኮምፒውተር ይቆጣጠራል። እንደ ማሽን አቻ የለውም ቢባል አያጋንንም።

ጎጃም ውስጥ ግን የት ልትነዱት ነው? የተጎነበሰ አቀማመጡ ከደብረ ማርቆስ ባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ያህል ወገብ ይቆርጣል። ሆዱ መሬት ይጠጋል፤ የየከተማው መግቢያ ላይ ያለው የፍጥነት መግቻ ይገጨዋል። የኋላ ጎማው ሰፊና ከመናዳሪ የሌለው ስለሆነ ጎሚስታው መግጠሚያው የለውም፤ ጎማው ራሱም በቅርብ አይገኝም። ቤንዚንን አጥብቆ ስለሚያምቅ ከፍ ያለ ጥራት ይፈልጋል። ከፍታው በዚህ ረገድ ትንሽ ያግዘዋል፤ አየሩ የሳሳ ስለሆነ ቤንዚኑ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን የማንኳኳቱ ነገር ይቀንሳል። ችግሩ ቆሻሻው ነው። ማደያ ሲደርቅ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚገዛው ቤንዚን ምን እንደተቀላቀለበት ባለቤቱም አያውቅ። ካርቡሬተር ቢደፈን ፈትታችሁ ትነፉታላችሁ። ኢንጀክተርና የውስጥ ፓምፕ ቢበላሽ ግን ትእዛዝ ልካችሁ ትጠብቃላችሁ።

አዲስ ሆነው የድሮ መልክ ያላቸው

ብዙ ሰው የማያስበው ምርጫ ይህ ነው። ለእኔ ደግሞ ትልቅ ሞተር ለሚፈልግ የጎጃም ሰው ሚዛኑን የጠበቀው እሱ ነው።

ሮያል ኢንፊልድ ኢንተርሴፕተር 650 ከ2018 ጀምሮ የሚሠራ ነው። በአየርና በዘይት ይቀዘቅዛል። ሁለት ሲሊንደር፣ 47 የፈረስ ጉልበት። ቁጥሩ ያነሰ ይመስላል፤ ግን ጉልበቱ ከታች ስለሚመጣ ዳገት ላይ ማርሽ ማብዛት የለም። ኢንጀክተርና ኤቢኤስ አለው። ቸርኬው ባለ ሽቦ ነው፤ ከመናዳሪ ስላለው ማንም ጎሚስታ ይለጥፈዋል። የቢኤምደብልዩ አር ናይን ቲም በአየርና በዘይት የሚቀዘቅዝ ነው፤ ዋጋው ግን ሌላ ሰማይ ላይ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። መልኩን አይታችሁ አትታለሉ። የካዋሳኪ ዜድ 900 አር ኤስ ቁርጥ ዜድ 1ን ይመስላል፤ ግን በውኃ የሚቀዘቅዝ ነው። የትራያምፍ ቦነቪል ቲ 120ም ክንፍ አለው፤ ውስጡ ግን ውኃ ነው። ክፉ ሞተሮች አይደሉም። «በአየር የሚቀዘቅዝ ገዛሁ» ብላችሁ ራዲያተሩን ስታገኙት እንዳትደነግጡ ነው።

ትንንሾቹ

የባጃጅ ቦክሰር፣ የያማሃ ኤጂና ዲቲ። እነዚህም በአየር የሚቀዘቅዙ ናቸው፤ ማንም ግን ሱፐርባይክ አይላቸውም። የግብርና ባለሙያውና የጤና ሠራተኛው ቀበሌ የሚደርሱት በነዚህ ነው። ቦክሰር በ100 ኪሎ ሜትር 2 ሊትር ገደማ ይበቃዋል። ካንዴላውም ፍሪሲዮኑም ከቡሬ እስከ መራዊ የትም ሱቅ አለ። ዳገት ላይ ትለምናላችሁ፣ ሰው ከጫናችሁ ደግሞ ትለማመጣላችሁ። በቅሎዋ ይህቺ ናት።

ባጭሩ በሰንጠረዥ

| መስፈርት | የድሮ በአየር የሚቀዘቅዝ ትልቅ | ዘመናዊ በውኃ የሚቀዘቅዝ | አዲስ በአየርና በዘይት የሚቀዘቅዝ | ትንሽ ሞተር |
|---|---|---|---|---|
| ምሳሌ | ሲቢ 750፣ ዜድ 1፣ ጂኤስ 1000 | ኤስ 1000 አር አር | ኢንተርሴፕተር 650 | ቦክሰር፣ ዲቲ፣ ኤጂ |
| የፈረስ ጉልበት | 67–90 | 190 እና በላይ | 47 | ከ10 በታች እስከ 15 ገደማ |
| መንገድ ላይ መጠገን | በሚያውቅ ሰው ብቻ | አስቸጋሪ | መካከለኛ | የትም |
| ከፍታ ለውጥ | ዤት ይጠይቃል | ራሱ ያስተካክላል | ራሱ ያስተካክላል | ዤት ይጠይቃል፣ ቀላል ነው |
| ዝግ ያለ ዳገት በሙቀት | ይግላል | ጥሩ | ደህና | በእረፍት |
| ፍሬን በዝናብ | ደካማ | በጣም ጥሩ | ጥሩ | ቀርፋፋ፣ ግን የሚታወቅ |
| ጎማ ማግኘት | ከባድ | በጣም ከባድ | ከባድ፣ መለጠፉ ቀላል | ቀላል |
| ነዳጅ በ100 ኪ.ሜ. | 5–7 ሊትር | 6 ሊትርና በላይ | 4–5 ሊትር | 2 ሊትር ገደማ |
| ደስታ | ወደር የለው | ለሚችለው | ብዙ | ለኪስ ደስታ |

ለማን የቱ?

ሥራ ላይ የምታውሉት ከሆነ ትንሿን ግዙ። ገንዘቡ ቢተርፋችሁም ትንሿን ግዙና በተረፈው ጥሩ የራስ ቁር ግዙ። ቀበሌ ለቀበሌ በ230 ኪሎ ሞተር መዞር ድካም ነው።

ባሕር ዳር የምትኖሩ፣ ቅዳሜና እሑድ ወደ ዳንግላ ወይም እንጅባራ ብቅ ማለት የምትወዱ፣ በዓመት አንዴም ዓባይ በረሃን የምታቋርጡ ከሆናችሁ ሦስተኛው ምርጫ ይሻላል። የድሮውን ድምፅና መልክ በብዛት ታገኛላችሁ፤ ፍሬኑና ነዳጁ ግን የዛሬ ነው።

የድሮውን ትልቅ የምመክረው ለሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንዱ እጁ የሚሠራ፣ ቫልቭ መለካት የማይፈራ ሰው ነው። ሁለተኛው ሌላ የሚነዳው ያለው ሰው ነው። መለዋወጫውን ከሞተሩ ጋር አብራችሁ አስመጡ፦ ጋርኒሲዮን፣ ፑንቲና፣ የካርቡሬተር ጎማዎች፣ ሁለት ሦስት ቁጥር ዤት፣ የቻርጅ መቆጣጠሪያ። በኋላ አንድ በአንድ ማስመጣት ከሞተሩ በላይ ያሰለቻል። «አሮጌ ስለሆነ ርካሽ ነው» የሚለውንም እርሱት። በደንብ የተያዘ ዜድ 1 ዛሬ ውጭ አገር ከብዙ አዳዲስ ሞተሮች በላይ ያወጣል።

ዘመናዊውን የእሽቅድምድም ሞተር ጎጃም ውስጥ ለማንም አልመክርም። ለሚወደው ሰው ደግሞ ምክር አይገባውም፤ አውቃለሁ።

ከውጭ የምታስመጡ ከሆነ ገንዘቡ ከመላኩ በፊት መግባት መቻሉንና ቀረጡን ጉምሩክ ሄዳችሁ ጠይቁ። አገር ውስጥ የምትገዙ ከሆነ ሊብሬው ላይ ያለውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከብረቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። የሞተር እንቅስቃሴ የሚገደብበት ጊዜም ስላለ ከመውጣታችሁ በፊት የአካባቢውን ሁኔታ ማጣራት የዘወትር ነገር ይሁን።

ወዳጄ በመጨረሻ የድሮውን ካዋሳኪ መረጠ። ጎበዝ መካኒክ ነው፣ ለሥራም ቦክሰር አለችው፤ አልተቃወምኩም። አንድ ነገር ብቻ ነገርኩት። ወንድሙ ሞተሩን ሊያይ ሲሄድ መጀመሪያ እጁን ክንፎቹ ላይ ያድርግ። የድሮ ሞተር ጉዱ የሚታየው በብርዱ ሲነሳ ነው፤ አለመነሳቱም፣ ጭሱም፣ የሰንሰለቱ ማንኳኳትም ያኔ ይወጣል። ሻጩ ቀድሞ አሙቆ ከጠበቀው ምንም ሳይናገር ወጥቶ ቡና ይጠጣ፤ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ይመለስ።